ኮሪያ ላይ የቀደድኩት ፈሰስ

በ፲፱፻፵፭ ዓ.ም. ክረምት ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ሃያ አራትም ሊሆን ይችላል። እናቴ “ገብሱ በውርጭ በተቃጠለበት ዓመት ተወለድክ” ከማለት በቀር ሌላ አልነገረችኝም። ወታደር ቤት ስገባ ጸሐፊው ዕድሜዬን ሲጠይቀኝ አላውቅም አልኩት። ፊቴን አየና የመሰለውን ጻፈ። ከዚያ ወዲህ የምቆጥረው የእሱን ቁጥር ይዤ ነው።

ቸኮል እባላለሁ። አገሬ ከእንጅባራ ወደ አዲስ ቅዳም በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ያለ ደጋ ነው። ገብስና ድንች እናመርታለን፣ ፈረስ እናረባለን፣ ዝናብ ደግሞ ሳንጠራው ይመጣል። ቤታችን የሚነገረው አዊኛ ነው፤ አማርኛን የለመድኩት ዳንግላ ገበያ ስመላለስና በኋላ ወታደር ቤት ነው። ይህን በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት። የልጅ ልጄ ፊደሉን እንዲያርም ፈቅጄለታለሁ፣ ቃሌን እንዳይነካ ግን አስምዬዋለሁ። ግትር ነህ ይሉኛል፤ ነኝ። ግትርነቴ አራት ሰው ያተረፈበትን አንድ ጧት ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ወደ ኮሪያ ስለሄድንበት መርከብ ሌላው ብዙ አውርቷል። እኔ ስለ ጭቃው ነው የማወራው።

ምሽጋችን በአንድ ረጅም ኮረብታ ጀርባ ላይ ነበር። ከዋናው ምሽግ ወደ ታች፣ ወደ ቻይናዎቹ አቅጣጫ፣ መቶ እርምጃ የሚሆን መተላለፊያ ቦይ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። ጫፉ ላይ አራት ሰው የሚይዝ ጉድጓድ አለ፤ የግንባር ጉድጓድ እንለዋለን። ጠላት ሲመጣ ቀድመው የሚሰሙት እዚያ ያሉት ናቸው። ሰምተው በስልክ ይናገራሉ፣ እኛ እንዘጋጃለን። ዓይናችንም ጆሯችንም እነሱ ነበሩ።

ኑሯችን ምን ይመስል ነበር ብትሉኝ፣ አብዛኛው ቀን ጦርነት የለም። መቆፈር ነው፣ ጆንያ በአሸዋ ሞልቶ መደርደር ነው፣ ጠመንጃ መወልወል ነው፣ የቆርቆሮ ምግብ ከፍቶ “ይሄ ደግሞ የምን ሥጋ ነው?” እያሉ መጨቃጨቅ ነው። እርጥብ ካልሲያችንን ሆዳችን ላይ አድርገን በገላችን ሙቀት እናደርቅ ነበር። አልፎ አልፎ መድፍ ያጓራል፤ ሁላችንም ጭቃ ላይ እንደፋለን፤ ከዚያ ተነስተን ጭቅጭቃችንን ካቆምንበት እንቀጥላለን።

ሰኔ ሲያልቅ ዝናቡ መጣ። ደስ አለኝ፤ እውነቴን ነው። ያ አገር ክረምቱ ከእኛ ክረምት ጋር አንድ ነው። አፈሩ ሲሸት የአገሬ መስሎኝ ቆሜ ቀረሁ። ደስታዬ ግን ሦስት ቀን አልቆየም።

በሦስተኛው ቀን ጧት ለግንባር ጉድጓዱ ምግብ ይዤ በመተላለፊያው ቦይ ወረድኩ። ከላይ ቁርጭምጭሚቴ ድረስ የነበረው ውሃ ታች ስደርስ ጉልበቴን አለፈ። ጉድጓዱ ውስጥ አራቱም ውሃ ላይ ቆመው በባዶ ቆርቆሮ እየጨለፉ ይደፋሉ። አለቃቸው አሥር አለቃ ይስማው ነው፤ የዳንግላ ልጅ፣ አባቱ ጋሪ ነጂ፣ አፉ ስለት። ስልኩን እንዳይረጥብበት አንገቱ ላይ አንጠልጥሎታል።

“ቸኮል፣ ዓሣ ይዘህልን መጣህ?” አለኝ።

“ዓሣውማ እናንተ ናችሁ” አልኩት።

“ሳቅ፣ ሳቅ። የዚህን እግር አይተህ ሳቅ።” ዘለቀ የሚባለውን ልጅ ጫማ አስወልቆ አሳየኝ። እግሩ ነጭ ሆኖ አብጧል፤ ቆዳው በጣት ሲነኩት ይላላል። ከኋላቸው የጆንያው ግድግዳ ወደ ውስጥ ተንጋዷል። በሁለት ቀን ውስጥ ላያቸው ላይ እንደሚወድቅ ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም።

ወጣሁና ለመቶ አለቃችን ነገርኩት። መቶ አለቃው የአዲስ አበባ ልጅ ነው፣ የተማረ፣ ጥይት የማይፈራ፣ ከሰው ጋር የማይስቅ።

“ጆንያ ጨምሩበት” አለ።

“ጌታዬ፣ ጆንያ አያድነውም። ቦዩ ቀጥ ብሎ ነው የወረደው። ቁልቁለት ላይ ቀጥ ብሎ የወረደ ቦይ ወንዝ ነው የሚሆነው። ኮረብታው የጠጣው ውሃ ሁሉ እነሱ ላይ ነው የሚፈሰው።”

“መሐንዲስ ነህ?”

“ገበሬ ነኝ።”

“እንግዲያው አገርህ ስትገባ ታርሳለህ። አሁን ጆንያ ተሸከም።”

ጆንያ ተሸከምኩ። ጆንያ ግን ውሃ አያቆምም። ምክንያቱን ላስረዳ። በእኛ አገር ተዳፋት ላይ የዘራ ሰው ፈሰስ ካላወጣ እህሉ ከነአፈሩ ወንዝ ይገባል። ፈሰስ ማለት ውሃውን ከማሳው አውጥቶ የሚሸኝ ቦይ ነው። ቀጥ ብሎ አይወርድም፤ ተዳፋቱን በአግድም ይዞ፣ ትንሽ ብቻ ዘንበል እያለ ነው የሚሄድ። በጣም ካዘነበለ ገደል ይሆናል፤ ካላዘነበለ ውሃው ይተኛል። ልኩን ለማግኘት አባቴ ዶፉ ሲወርድ የሣር ገሳውን ለብሶ ማሳው መሃል ይቆም ነበር። ሌላው ቤቱ ሲሸሸግ እሱ ይወጣል። “ውሃው ወዴት መሄድ እንደሚፈልግ ራሱ ይነግርሃል፤ የሚናገረው ግን ሲዘንብ ነው” ይለኝ ነበር።

እኔም በማግስቱ ዶፉ ሲወርድ ከምሽጉ ወጥቼ ተዳፋቱ ላይ ቆምኩ። ጉም ነው፣ ጠላት አያየኝም። የኛው ዘበኛ ግን አየኝ።

“አንተ! አብደሃል? ግባ!”

“ውሃ እያየሁ ነው!”

“ውሃ አይተህ አታውቅም?”

ዓይኔን ከውሃው ላይ አላነሳሁም። ውሃው ነገረኝ። ከግንባር ጉድጓዱ ትንሽ ከፍ ብሎ ወደ ግራ የሚያዘነብል የመሬት እጥፋት አለ፤ እሱን ይዞ የሄደ ፈሰስ ስልሳ እርምጃ ያህል ዞሮ፣ ኮረብታው ወርዶ ዝቅ ካለበት ከዋናው ምሽግ ግራ ጫፍ በታች ያለች ድንጋያማ ሸለቆ ውስጥ ይወድቃል። ፈንጂ የተቀበረው በቀኝ በኩል ነው፤ ግራው ንጹሕ ነው። አንድ ችግር ብቻ አለ፤ ከሸለቆው አጠገብ የእሾህ ሽቦ አጥራችን ያልፋል። ሽቦውን አልነካሁትም። ከስሩ ገባሁ።

ሳላስፈቅድ፣ ይስማውን ብቻ አማክሬ፣ ሁለት ጧት በጉም ውስጥ ቆፈርን። ከላይ ይስማው፣ ከታች እኔ። አፈሩ ልል ነው፤ አንድ ክንድ ከቆፈርክለት ሌላውን ውሃው ራሱ እየበላ ይወስደዋል። ስንገናኝ ለይስማው እንዲህ አልኩት፦

“ሣር ነጭተህ ቋጥረህ ውሃው ላይ ልቀቀው። ታች ከደረሰኝ መንገዱ ክፍት ነው። ካልደረሰኝ የሆነ ቦታ ተዘግቷል።”

“ደብዳቤ መሆኑ ነው?”

“አዎ፣ ደብዳቤ ነው። እኔ የማነበው ይሄን ብቻ ነው።”

“ዳንግላ ቢሆን በጋሪ እልክልህ ነበር” ብሎ እየሳቀ ሄደ። ሸለቆው አፍ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ። ትንሽ ቆይቶ አንዲት የሣር ቋጠሮ እየተንሳፈፈች መጥታ እግሬ ሥር ቆመች። ግንባር ጉድጓዱ ውስጥ ደግሞ፣ በኋላ እንደነገሩኝ፣ ወለሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያዩት አራቱም ጨፍረዋል።

መቶ አለቃው ያየው ያን ቀን ከሰዓት ነው። ፈሰሱን ከዳር እስከ ዳር ተከተለውና ሽቦው ሥር ሲደርስ ፊቱ ተለወጠ።

“ይህን ማን ፈቀደልህ?”

“ማንም አልፈቀደልኝም ጌታዬ።”

“ተመልከት። እዚህ ውስጥ ሰው በደረቱ ተኝቶ ቢመጣ ከላይ የሚያየው አለ?”

ዋሽቼ አላውቅም። “የለም” አልኩ።

“ሽቦውንስ ያልፋል?”

“ያልፋል።”

“ስለዚህ ለጠላት በር ከፍተሃል። የኛ ሰው በተኛበት በዚህ በር ገብቶ ቢያርደን የማን እጅ ነው?”

አሁን ድረስ ያ ጥያቄ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ልክ ነበራ! እኔ ያሰብኩት ውሃ ብቻ ነው። ገበሬ ፈሰስ ሲያወጣ ሰው ይገባበታል ብሎ አያስብም።

“ሙላው” አለኝ።

“ዛሬ ከሞላሁት ነገ ግድግዳው ይወድቅባቸዋል ጌታዬ። ዝናቡ እስኪያባራ ይተዉልኝ። በር ከሆነ በረኛው እኔ ልሁን።”

ሃምሳ አለቃ ደጉ አጠገቡ ቆሟል። ሸምገል ያለ፣ ጥቂት የሚናገር፣ የቡሬ ሰው ነው። “ጌታዬ፣ ልጆቹ እግራቸው ደርቋል” አለ፤ ሌላ አልጨመረም።

መቶ አለቃው “እስኪያባራ። ግን ከዚህ አፍ አትነቃነቅም። አንድ ቻይና በዚህ ከገባ አንተን የምጠይቅህ እኔ ነኝ፣ በጦር ፍርድ ቤት” ብሎ ሄደ።

እንግዲህ የገዛ ፈሰሴ አፍ ላይ ጠመንጃዬንና አካፋዬን ይዤ ተቀመጥኩ። ከእኔ እስከ ዋናው ምሽግ ግራ ጫፍ በሸለቆው ሽቅብ ሠላሳ እርምጃ ነው፤ ጮክ ቢሉ ይሰማል።

በማግስቱ ነግቶ ጉሙ ገና ሳይነሳ መድፉ ጀመረ። እንደወትሮው አልነበረም። ከዚያ በፊት የማውቀው አጓርቶ የሚያልፍ ነው፤ ይሄኛው አላለፈም። መሬቱ ከሆዴ ሥር ይዘላል። የብረት ቆቤን ይዤ ዓይኔን ፈሰሱ ላይ ተከልኩ። ውሃው ድንገት ቀነሰ። ያኔ ማንም ሳይነግረኝ አወቅሁ፦ መተላለፊያው ቦይ ላይኛው ክፍል ተንዷል። ከላይ የሚመጣው ተቆርጧል፤ የሚወርደው የተዳፋቱ ዝናብ ብቻ ነው። እነ ይስማው መመለሻ የላቸውም።

መድፉ ወደ ኋላችን ተሻገረ። ቀጥሎ ከግንባር ጉድጓዱ በኩል ተኩስ፣ ከዚያም ጥሩንባና የማላውቀው ቋንቋ ጩኸት ሰማሁ። የኛዎቹ መትረየስ አንድ ጊዜ ረዘም አድርጎ ተኮሰ። እንደገና አጭር ተኮሰ። ከዚያ ዝም።

መቶ አለቃው ከምሽጉ ግራ ጫፍ በስልክ ሲጮህ ይሰማኛል። “ይስማው! ይስማው!” መልስ የለም። የስልኩ ሽቦ ተበጥሷል። ትንሽ ቆይቶ ድምፁ ተለወጠ፤ ወደ ኋላ፣ ወደ መድፈኞቹ ነው የሚናገረው። “የግንባር ጉድጓዱ ተይዟል። ጠላት እዚያ እየተከማቸ ነው። ሰዎቼ አልቀዋል። ጉድጓዱ ላይ ተኩሱልኝ። አዎ፣ በራሱ ላይ።”

 እንዲህ ያለውን ትእዛዝ የሚሰጥ ሰው ክፉ አይደለም፤ ካልሰጠ ሁላችንም እናልቃለን። ነገር ግን አላለቁም ይሆናል እኮ! ምን ይዤ ልናገር? ያየሁት የለ፣ የሰማሁት የለ።

ያን ጊዜ ውሃው ላይ አንድ ነገር መጣ።

ሣር ነው። መድፍ የነቀለው ሣር በየቦታው ይንሳፈፋል፤ ስለዚህ አላመንኩም። በአካፋዬ ጫፍ ሳብኩት። መሃሉ ላይ ተቋጥሯል። ገና እጄ ላይ ሳለ ሁለተኛ መጣ፤ ተቋጥሯል። ሦስተኛው ድንጋይ ጋ ተጠምዝዞ ቆመ፤ ሄጄ አነሳሁት። ከዚያ የለም። ዓይኔ እስኪፈዝ አየሁ፣ የለም። ሦስት ናቸው ማለት ነው? አንዱ ሞቷል? ይህን እያሰብኩ አራተኛው በጭቃ ተለውሶ፣ ከሁሉም ጠብቆ ተቋጥሮ መጣ።

“ጌታዬ!” ብዬ ጮህኩ። “እንዳያስተኩሱ! በሕይወት አሉ! አራቱም!”

“ምን አይተህ ነው?”

“ሣር!”

“ምን?”

“ሣር ነው የላኩልኝ! አራት ቋጠሮ! በፈሰሱ እየመጡ ነው!”

“ቸኮል፣ በሣር መድፍ አላስቆምም!”

“ሣር በራሱ አይቋጠርም ጌታዬ!”

  የሃምሳ አለቃ ደጉን ድምፅ ሰማሁ፣ እንደወትሮው ዝግ ያለ፦ “ጌታዬ፣ ቻይና የኛን ገበሬ ምልክት ከየት አምጥቶ ያውቀዋል? ይጠብቁለት።”

“አቆዩት” አለ መቶ አለቃው በስልኩ። “አምስት ደቂቃ። ከዚያ በላይ አልችልም።” ለእኔ ደግሞ፣ “ቸኮል! አምስት!”

ሰዓት የለኝም። የልቤን ምት ቆጠርኩ። ውሃው አንዴ ይቆማል፣ አንዴ ገፍቶ ይመጣል፤ ሰው ቦይ ውስጥ በደረቱ ሲሳብ ውሃውን ይገድበዋል፣ ሲነቃነቅ ይለቀዋል። ስለዚህ እየመጣ ያለ ሰው አለ። ግን ማን? አፈሙዜን ሽቦው ሥር ደገንኩ። ከጉሙ ውስጥ የጭቃ ክምር የመሰለ ራስ ብቅ አለ። ፊት የለው፣ መለያ የለው። ጣቴ ምላጩ ላይ ነው።

“በማርያም አትተኩስ” አለ የጭቃው ክምር።

ዘለቀ ነው፣ እግሩ ያበጠው። አንገትጌውን ይዤ ጎተትኩት። ሁለተኛው መጣ። ሦስተኛው ክንዱ ደምቷል፤ ሕመሙን እንዲችል መሐረብ በጥርሱ ነክሶ ይሳባል። ይስማው የለም።

“ይስማውስ?”

“ከኋላ ነው። እየሸፈነን ነው።”

“ሁለት ደቂቃ!” አለ መቶ አለቃው።

ፈሰሱ ውስጥ ሁለት ጥይት ተተኮሰ፣ ቅርብ ነው። ከዚያ ይስማው መጣ፣ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ፣ በቂጡ እየተንሸራተተ፣ ያ የማይሠራ ስልክ አሁንም አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ።

“ደብዳቤው ደረሰህ?” አለኝ።

“ደረሰኝ፤ አንብቤዋለሁ።”

“እንግዲያው ተኩስ! ተከትለውናል!”

እውነቱን ነበር። የፈራሁት መጣ። ባወጣሁት ፈሰስ ውስጥ፣ ስንት እንደሆኑ አላውቅም፣ እየተሳቡ መጡ። ሃምሳ አለቃ ደጉ ከላይ እየተንሸራተተ ወርዶ አጠገቤ ወደቀ። ጠባብ ነው፤ አንድ በአንድ እንጂ ጎን ለጎን መምጣት አይችሉም። እኔ ተኮስኩ፣ እሱ የእጅ ቦምብ ወረወረ፣ እኔ ደግሜ ተኮስኩ። የፈሰሱ ግድግዳ ተናደና አፉን ደፈነው። ይህን በደስታ አልጽፈውም። እነሱም የሰው ልጆች ነበሩ። ግን በሩን ከፍቼ ነበር፤ ዘጋሁት።

“አራቱም እዚህ ናቸው ጌታዬ!” ብዬ ጮህኩ።

“አሁን! ተኩሱ!” አለ መቶ አለቃው፤ እንደዚያ በደስታ ሲጮህ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም።

መድፋችን ባዶው የግንባር ጉድጓድ ላይ ወረደ። ባዶ ስል ከኛ ሰው ባዶ ማለቴ ነው። ጉሙ ሲገለጥ የቀሩት ቻይናዎች ወደ ታች ሲመለሱ አየን። አንድም ሰው ዋናውን ምሽግ አልረገጠም። ፀሐይ ወጣች። ከአንዱ ዳር የጀመረ ፉከራ ምሽጉን ሁሉ ያዘው፤ ዘለቀ ያን ያበጠ እግሩን እያነከሰ ይሸልላል፣ ይስማው ስልኩን እንደ ጎራዴ እያወዛወዘ ይዘላል።

መቶ አለቃው ሸለቆው ድረስ ወረደ። ያቺን የመጨረሻዋን ቋጠሮ ከእጄ ወሰደና አገላብጦ አያት።

“ቸኮል፣ ልክ ነበርክ” አለኝ።

“እርስዎም ልክ ነበሩ ጌታዬ። ገብተውበታል።”

ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ቋጠሮዋን ደረት ኪሱ ውስጥ ከተታት፤ አልመለሰልኝም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ያ ጧት ምን ለወጠብህ ትሉኝ ይሆናል። እስከዚያ ድረስ እኔ ራሴን ደንቆሮ ነኝ ብዬ የተቀበልኩ ሰው ነበርኩ። ደመወዝ ስቀበል በጣቴ ነበር የምፈርመው። የተማረ ሰው ፊት ስቆም አዊኛዬ ከምላሴ እንዳያመልጥብኝ እጠነቀቅ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ገሳ ለብሶ ዝናብ ውስጥ የሚቆመው አባቴ መምህር እንደነበረ፣ እኔም ስማር እንደኖርኩ ገባኝ። የተማረውንም አልናቅሁ፤ መቶ አለቃው ያየውን በር እኔ አላየሁትም ነበር። ፊደል ያስቆጠረኝ ይስማው ነው፤ “ከሣር ወደ ወረቀት እንሻገር” ብሎ እዚያው ምሽግ ውስጥ በቆርቆሮ ክዳን ላይ በምስማር እየጫረ። አገሬ ከገባሁ በኋላም መንገድ ሠሪ ሆነ የትምህርት ቤት ግቢ ደልዳይ፣ ውሃ ቀጥ አድርጎ ሲያወርድ ካየሁ ዝም ብዬ አልፌ አላውቅም። አንዳንዱ ሰምቶኛል፤ አንዳንዱ “ሽማግሌው መጣ” ብሎ ሸሽቶኛል። ልጆቻችሁ በእጃቸው የሚያውቁትን አትናቁባቸው። እኔ የምለው ይሄ ነው።

ወደዚያ ጧት ልመለስ፤ የዚያን ዕለት ተኛን። በማግስቱ ጧት ዶፉ እንደገና ወረደ፤ አፉ የተደፈነው ፈሰስ ሞላ። ከምሽጉ ወጥቼ ተዳፋቱ ላይ ቆምኩ፤ ያ ዘበኛ አየኝ፣ አሁን ግን አልጮኸብኝም። ትንሽ ቆይቶ አንድ ሰው መጥቶ አጠገቤ ቆመ። መቶ አለቃው ነው፤ ዝናቡ ከቆቡ ጠርዝ በአፍንጫው ላይ ይንጠባጠባል።

“ወዴት መሄድ ይፈልጋል?” አለኝ።

በጣቴ አሳየሁት። አየና በመስማማት ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ለራሱ አንድ፣ ለእኔ አንድ አካፋ ይዞ መጥቶ ነበርና ያንዱን እጀታ ሰጠኝ። ቁፋሮ ጀመርን።